የመጀመሪያዬ ክሪቴሪየም ነው፤ ግሩፑ ውስጥ የት ልሁን? ለቡድኔስ ምን ልሥራ?

ጀማሪዋ

ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ነገር ላማክራችሁ ነው። ከአካባቢያችን የብስክሌት ቡድን ጋር መጋለብ ከጀመርኩ ቆየሁ። ረጅም መንገድ ላይ አልቸገርም፣ ዳገት ላይም ብዙ ጊዜ ከግሩፑ አልቀርም። አሁን ግን ቡድኑ ክሪቴሪየም ላይ፣ ማለትም አጭር መንገድ ብዙ ጊዜ እየተዞረ የሚደረግ ውድድር ላይ አስመዝግቦኛል። ምድቡ የጀማሪዎች ነው። ቢሆንም ውድድር ውድድር ነውና ቀኑ በቀረበ ቁጥር እንቅልፍ እያጣሁ ነው።

የምንዞርበት መንገድ 1.2 ኪሎ ሜትር ነው። ስድስት ኩርባ አለው። አንዱ በጣም ጠባብ ነው፣ ወደመጡበት አቅጣጫ ነው የሚመልሰው። የመጨረሻው ኩርባ ደግሞ ከማብቂያው መስመር 150 ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚርቀው። 40 ደቂቃ እንጋልባለን፣ ከዚያ 3 ዙር ይጨመራል ተብለናል።

ያስጨነቀኝ ይሄ ነው። አንዷ የቡድን ጓደኛዬ "ኋላ ሁኚ፣ ንፋስ አያገኝሽም፣ ሰው ሲወድቅም ከሩቅ ታይዋለሽ" ትለኛለች። ሌላው ደግሞ "ኋላ ከሆንሽ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ተቆርጠሽ ትቀሪያለሽ" ይላል። ሁለቱም ብዙ የተወዳደሩ ናቸው፣ ማንን ልስማ? ሌላው ነገር፣ ብቻዬን ስሆን ኩርባ ላይ ጥሩ ነኝ፤ ግራና ቀኜ ሰው ሲኖር ግን ሳላስበው ፍሬን እይዛለሁ። ደግሞ የቡድናችን መሪ "የመጨረሻዎቹን ሁለት ዙሮች ስፕሪንተራችንን አንቺ ትጎትቻታለሽ" ብሎኛል። መጨረሻ ላይ በፍጥነቷ የምትፋለምልንን ልጅ ፊቷ ሆኜ ከንፋስ እየከለልኩ ላደርሳት ነው ማለት ነው። በምን ፍጥነት ልሂድ፣ ስጨርስስ ወዴት ልውጣ? መሃል ላይ ጎማ ቢፈነዳብኝስ በቃ አለቀ ማለት ነው?

ቡድኑ አምኖብኝ ነው ያስመዘገበኝ፣ የሚጠቅም ነገር መሥራት እፈልጋለሁ። እባካችሁ በግልጽ ንገሩኝ።


ሦስተኛው ጎማ

በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ክሪቴሪየም ብስክሌት ላይ ካሉት ውድድሮች ሁሉ በጣም የምወደው ነው፣ አንድ ደቂቃ እንኳን ሐሳብሽ ወደ ሌላ አይሄድም።

ሁለተኛውን ጓደኛሽን ስሚ። ምክንያቱን ግን ልንገርሽ፣ ምክንያቱ ከገባሽ እዚያው ውድድሩ ላይ ሆነሽ ራስሽ መወሰን ትችያለሽ።

ከሰው ጀርባ መሆን ጉልበት ይቆጥባል። ሜዳ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትሄጂ አብዛኛው ጉልበትሽ የሚያልቀው ንፋስ በመግፋት ነው። ፍጥነትሽን እጥፍ ብታደርጊው ንፋሱን ለመግፋት ብቻ ስምንት እጥፍ ኃይል ይጠይቅሻል። እ.ኤ.አ. በ2018 በርት ብሎከን የሚባል የአየር ፍሰት ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር 121 ጋላቢዎች ያሉበትን ፔሎቶን (ተጠጋግቶ የሚሄድ ትልቅ ግሩፕ) አጥንቶ ነበር። ግሩፑ ውስጥ ከመሃል ወደ ኋላ በደንብ የተሸፈነ ሰው የሚገጥመው የንፋስ ጫና ብቻውን ከሚጋልብ ሰው ጫና ከ5 እስከ 10 በመቶው ብቻ ሆኖ ተገኘ። በጣም ትልቅ ልዩነት ነው። የመጀመሪያዋ ጓደኛሽ ከዚህ ተነስታ ከሆነ የምትመክርሽ፣ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ፍጹም ልክ ናት።

ችግሩ ያ ሂሳብ ተጠጋግቶ፣ ቀጥ ብሎ፣ በአንድ ፍጥነት ለሚሄድ ግሩፕ ነው። ክሪቴሪየም ላይ ግሩፑ እንደ አኮርዲዮን ይጨመቃል ይለጠጣል። ፊት ያሉት ሁለት ሦስት ሰዎች ኩርባውን የፈለጉትን መስመር ይዘው ብዙም ሳይቀንሱ ያልፋሉ። ከነሱ ኋላ ያለው ትንሽ ይቀንሳል፣ የሱ ተከታይ ደግሞ ትንሽ ይጨምርበታል፣ እንዲህ እያለ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ፍሬን ይዞ ሊቆም ይደርሳል። እሱ ገና ኩርባው ውስጥ እያለ ፊት ያሉት ፍጥነታቸውን መልሰው እየበረሩ ነው። ስለዚህ ያንን ክፍተት ብቻውን፣ ንፋስ እየመታው፣ ከኮርቻው ተነስቶ መዝጋት አለበት።

በቁጥር እንየው። አንቺና ብስክሌትሽ አንድ ላይ 75 ኪሎ ናችሁ እንበል። ፊት ሆነሽ ኩርባው ላይ ወደ 35 ወርደሽ ወደ 40 ብትመለሺ፣ ለፍጥነቱ ብቻ 1,100 ጁል ገደማ ታወጫለሽ። ኋላ ሆነሽ ወደ 25 ወርደሽ ወደ 40 ብትመለሺ ግን 2,800 ጁል ገደማ ነው። ሁለት እጥፍ ተኩል ማለት ነው፣ ያውም ንፋሱን ሳንቆጥር። አንድ ጊዜ ቢሆን ምንም አልነበረም። አንቺ ግን በ40 ደቂቃ ውስጥ ወደ 22 ዙር ትዞሪያለሽ፣ በስድስት ኩርባ ስታባዢው ከ130 ጊዜ በላይ ነው። ኋላ ያሉት አቅም አንሷቸው የሚቀሩ ይመስላል እንጂ፣ ብዙዎቹ ፊት ካሉት እኩል ጠንካራ ሆነው ጉልበታቸውን ኩርባ ላይ የጨረሱ ናቸው።

ታዲያ የት ትሁኚ? ከፊት አምስተኛና አሥራ አምስተኛ መካከል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ከሆንሽ ንፋሱን ለሌላው ትሠሪለታለሽ፣ ለአንቺ ደረጃ ያ አያስፈልግም። ከሃያኛ በኋላ ደግሞ አኮርዲዮኑ ይጀምራል።

ቦታውን ማግኘት ቀላል ነው፣ ይዞ መቆየት ነው ከባዱ። ሁልጊዜ ሰው በጎንሽ ያልፋል፣ ዝም ብለሽ ከተቀመጥሽ በሦስት ዙር ውስጥ ራስሽን መጨረሻ ላይ ታገኚዋለሽ፣ ምንም ሳትደክሚ። ስለዚህ በየዙሩ ሁለት ሦስት ቦታ መልሰሽ ግቢ። ጥሩው ጊዜ ግሩፑ ሰፍቶ ቀስ ሲል ነው፣ ከኩርባ በፊት ባለው ቀጥታ መንገድ ላይ። በጎን በኩል ወደ ፊት እየሄደ ያለ ሰው ስታዪ ጀርባውን ያዢና አብረሽ ሂጂ፣ በነጻ ያደርስሻል። ግሩፑ ከኩርባ ወጥቶ በአንድ መስመር ሲዘረጋ ግን ለማለፍ አትሞክሪ፣ ያኔ ሁሉም በሙሉ ኃይሉ ላይ ስለሆነ አንድ ሰው ለማለፍ የምታወጪው ጉልበት አይመለስልሽም።

አንድ የቤት ሥራ ልስጥሽ። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ሦስት ስቴጅ (የአንድ ቀን ውድድር) አሸንፎ በነጥብ አንደኛ ለሚወጣ የሚሰጠውን አረንጓዴውን ማሊያ ወስዷል። ካሸነፈባቸው አንዱን ፈልጊና የመጨረሻዎቹን 5 ኪሎ ሜትር ብቻ እዪ። ስፕሪንቱን ተይው። እሱን ብቻ በዓይንሽ ተከተዪ፣ ስንተኛ እንደሆነ፣ የማን ጀርባ እንደያዘ፣ ሲገፋ በየት በኩል እንደሚመለስ። ከዚያ ደግመሽ እዪው።


ውጫዊ ፔዳል

ከላይ የተባለውን አብዛኛውን እስማማበታለሁ፣ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። "አምስተኛ እስከ አሥራ አምስተኛ" የሚለው ኩርባ ላይ ሰው አጠገቡ ሲሆን ለማይደነግጥ ሰው ነው። እሷ ራሷ ፍሬን እንደምትይዝ ነግራናለች። ስምንተኛ ላይ ሆና ኩርባ መሃል ፍሬን ብትይዝ ከኋላዋ ያሉት ሁሉ አደጋ ላይ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ኩርባውን እናስተካክል፣ ቦታው ከዚያ ይመጣል። ጊዜ ካለሽ በሚቀጥሉት ልምምዶች ላይ ሌላ ነገር አትሥሪ፣ ይሄን ብቻ ሥሪ።

ጎማሽ መሬቱን የሚይዝበት አቅም ውስን ነው። ያንን አቅም ለመታጠፍ ታውይዋለሽ ወይ ለማቆም ታውይዋለሽ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ከጠየቅሽው ይከዳሻል። ደግሞ ዘንበል ብለሽ እያለሽ ፍሬን ስትይዢ ብስክሌቱ ቀና ማለት ይፈልጋል፣ ቀና ሲል መስመርሽ ወደ ውጭ ይሰፋል፣ ውጭ በኩል ደግሞ ሰው አለ። ፈርተሽ የያዝሽው ፍሬን የፈራሽውን ነገር ራሱን ያመጣዋል ማለት ነው። ስለዚህ የምትቀንሺው ገና ቀጥ ብለሽ እያለሽ ነው። ኩርባው ውስጥ ከገባሽ ጣቶችሽ ፍሬኑ ላይ ይረፉ እንጂ አይጫኑ።

እጅሽ የመሪው ታችኛው ቀንድ ላይ ይሁን። ክብደትሽ ወደ ታች ይወርዳል፣ የፊት ጎማውም በደንብ ይነክሳል፣ ከጎንሽ ያለ ሰው ቢነካሽም እጅሽ ከመሪው አይወጣም። በውጭ በኩል ያለው ፔዳል ወደ ታች፣ የሰውነትሽ ክብደት እሱ ላይ። የውስጡን ፔዳል ከፍ አድርጊው፣ ዘንበል ባልሽበት ከረገጥሽ መሬት ይመታል፣ በዚህ ብቻ ብዙ ሰው ወድቋል። ጠባቡ ኩርባ ላይ ደግሞ ከመግባትሽ በፊት ማርሽ ቀይሪ። ስትወጪ ማርሹ ከብዶሽ የምትታገዪ ከሆነ ሁለት ሰው በጎንሽ ያልፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ግራና ቀኝ ሰው ሲኖር። ብቻሽን ስትሆኚ ከውጭ ገብተሽ ውስጡን ነክተሽ ወደ ውጭ ትወጫለሽ፣ ያ ፈጣኑ መስመር ነው። ግሩፕ ውስጥ ያ መስመር የአንቺ አይደለም። በየትኛው ረድፍ ከገባሽ በዚያው ረድፍ ትወጫለሽ፣ ከውጭ የገባ ውጩን ይዞ ይዞራል፣ ከውስጥ የገባ ውስጡን። መሃል ላይ አቋርጠሽ ወደ ውስጥ ከሳብሽ አጠገብሽ ያለውን ሰው ትመቺዋለሽ። በተለይ በውስጥ በኩል ባለው ክፍተት ፍሬን ዘግይተሽ ለመሹለክ በፍጹም አትሞክሪ። ቦታው ያለ ይመስልሻል፣ ግን ሁሉም ወደዚያው እየመጣ ስለሆነ ሊዘጋ ነው።

ዓይንሽ ከፊትሽ ባለው ሰው ጎማ ላይ አይተከል። በትከሻው በኩል አሻግረሽ እዪ፣ ሦስትና አራት ሰው ፊት ያለውን፣ የኩርባውን መውጫ። ዓይን የሄደበት ብስክሌቱ ይሄዳል። የፊት ጎማሽን ደግሞ ከሰው የኋላ ጎማ ጎን አታስገቢ። እሱ ትንሽ ወደ አንቺ ቢዞርና ጎማችሁ ቢነካካ እሱ ምንም አይሆንም፣ የምትወድቂው አንቺ ነሽ።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ሁለት ሦስት የቡድን ጓደኞችሽን ይዘሽ ሣር ሜዳ ላይ ውጡ። በጣም በዝግታ ጎን ለጎን እየጋለባችሁ ክርን ለክርን ተነካኩ፣ ከዚያ ትከሻ ለትከሻ ተደጋገፉ። መጀመሪያ ትደነግጫለሽ፣ ከዚያ ብስክሌቱ ቶሎ እንደማይወድቅ ሰውነትሽ ራሱ ይረዳዋል። ክርንሽን ለቀቅ አድርጊው፣ የደረቀ ክርን ግጭቱን ቀጥታ ወደ መሪው ነው የሚያስተላልፈው። እሱን ስትለምጂ መኪና የሌለበት ባዶ ቦታ ፈልጋችሁ አንድ ኩርባ ምልክት አድርጉና ሁለት ሆናችሁ ጎን ለጎን ዙሩ፣ ከዚያ ሦስት ሆናችሁ፣ አንቺ መሃል። እጅሽ ፍሬኑን መፈለግ እስኪያቆም ድረስ።

ውድድሩ ላይ ፍጥነት መቀነስ ከፈለግሽ ከፍሬን በፊት ሌላ መንገድ አለሽ። ትንሽ ቀና ብለሽ ንፋሱን በደረትሽ ተቀበዪው፣ ወይ ከፊትሽ ካለው ሰው ግማሽ ጎማ ያህል ወደ ጎን ወጣ በይ። ንፋሱ ራሱ ያዘገይሻል፣ ከኋላሽ ያለውም አይደነግጥም።

እና እኔ የምመክርሽ፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዙሮች መሃል ላይ ሆነሽ ኩርባዎቹን አጥኚ፣ ማን ረጋ ብሎ እንደሚጋልብ ማን እንደሚዋዥቅ ለዪ። ከዚያ ወደ ፊት ሂጂ።


ሦስተኛው ጎማ

ኩርባውን በደንብ አስረድተሃታል፣ ሣር ሜዳው ላይ ያለው ልምምድ በተለይ። ግን የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ላይ አሁንም እለያለሁ። የጀማሪዎች ምድብ ላይ ግሩፑ የሚቆረጠው መጀመሪያ ላይ ነው። ሁሉም ትኩስ ነው፣ ፊሽካው እንደተነፋ ሁሉም በሙሉ ኃይሉ ይወጣል፣ ከአምስት ስድስት ዙር በኋላ ነው የሚረጋጋው። ያንን ጊዜ መሃል ላይ እያጠናች ብታሳልፍ ከፊቷ ያለ ሰው ክፍተት ከፍቶ ይዟት ሊቀር ይችላል፣ ያ ደግሞ የሷ ጥፋት አይሆንም። ያስፈራሽ ከሆነ ወደ አሥራ አምስተኛው ተጠጊ፣ በውጭ በኩል ያለውን ረድፍ ያዢ። ውጩ መንገዱን ትንሽ ያረዝመዋል ግን ቢያንስ በአንድ ጎንሽ ሰው የለም። ኩርባዎቹን ከውድድሩ በፊት አጥኚ፣ መንገዱ ለማሟሟቂያ ሲከፈት።

ማሟሟቁን ነገር አደራ። ክሪቴሪየም ቀስ ብሎ አይጀምርም። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አሟሙቂ፣ መሃል ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ለአንድ ደቂቃ ያህል ጠንከር ያለ ግፊት ይኑርበት፣ ሳንባሽ ድንጋጤውን እዚያ ይጨርሰው። ከዚያ ቀድመሽ መነሻው ላይ ቁሚ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ከቆምሽ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በሙሉ ሰው በማለፍ ታባክኛቸዋለሽ። ጫማሽን ሳታዪ ፔዳሉ ላይ መቆለፍም ተለማመጂ።


ነጻ ዙር

በዳኝነት በኩል ስለምሠራ ስለ ሕጉ ልመልስልሽ። ዝርዝሩ እንደ አዘጋጁ ይለያያል፣ ስለዚህ ከውድድሩ በፊት የሚደረገው ስብሰባ ላይ ተገኚና ጠይቂ፣ ማንም አይስቅብሽም።

ጎማሽ ቢፈነዳ አላለቀም። ክሪቴሪየም ላይ ነጻ ዙር የሚባል ነገር አለ። ጎማ የፈነዳበት፣ የወደቀ፣ ወይም የብስክሌቱ ዋና አካል የተሰበረበት ሰው ወደ ጎማ መቀየሪያው ቦታ ይሄዳል፣ እዚያ ያለው ዳኛ ያየዋል፣ ጎማው ይቀየርለታል፣ ግሩፑ በሚቀጥለው ዙር ሲመጣ ከነበረበት ግሩፕ ጋር ይገባል። ብዙ ጊዜ አንድ ዙር ነው የሚሰጠው፣ መንገዱ በጣም አጭር ከሆነ ሁለት ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር በቀጥታ ወደ ጎማ መቀየሪያው መሄድሽ ነው። ብቻሽን ግሩፑን ላሳድድ ብለሽ ከተቆረጥሽ በኋላ "ችግር ነበረብኝ" ብትዪ አይሰማም። ካቴና ስለወጣ ወይም በደንብ ያልጠበቀ ነገር ስለላላ ደግሞ ነጻ ዙር አይሰጥም በአብዛኛው፣ የራስሽ ዝግጅት ነው። ውድድሩ ሊያልቅ ሲቃረብም ነጻ ዙር ይቆማል፣ ከስንተኛው ዙር በኋላ እንደሚቆም ስብሰባው ላይ ይነገራል። ተለዋጭ ጎማሽን ስምሽን ጽፈሽበት እዚያ ቦታ አስቀምጪ። የቡድንሽ ሰዎች ጎማ ከብስክሌትሽ ጋር የሚገጥም ከሆነ አንድ ጥንድ ለሁላችሁ ይበቃል።

ከግሩፑ ከተቆረጥሽ ዳኛው ያወጣሽ ይሆናል። ብዙ ቦታ ግሩፑ ዞሮ ሊደርስብሽ ሲል ወይም ከደረሰብሽ በኋላ ትወጫለሽ፣ ለደህንነት ነው። ስም ሲጠራ ወይም ምልክት ሲሰጥሽ አትከራከሪ፣ የውጭውን መስመር ይዘሽ ቀስ ብለሽ ውጪ።

ደወሉን አትሳሳቺው። መሃል ላይ ደወል ከተደወለ ፕሪም ነው፣ በሚቀጥለው ጊዜ መስመሩን ቀድሞ ላለፈ ሽልማት አለው ማለት ነው። መጨረሻ ላይ የሚደወለው ደግሞ የመጨረሻውን ዙር ለማሳወቅ ነው። 40 ደቂቃው ሲቃረብ የቀሩት ዙሮች ቁጥር ሰሌዳ ላይ ይወጣል፣ እሱን ተከታተዪ።

ቁጥርሽን በተባልሽው ጎን ለጥፊው፣ የማብቂያው ካሜራ በየትኛው በኩል እንዳለ አይተው ነው የሚወስኑት። ንፋስ እንዳያርገበግበው በብዙ መርፌ ቁልፍ ያዢው። የመሪሽ ጫፎች መዘጋታቸውን እዪ፣ ክፍት ቱቦ ይዘሽ ከመጣሽ መነሻው ላይ እናቆምሻለን፣ ሲወድቁ ሰውነት ይቆርጣል።

የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። ወድቀሽ ጭንቅላትሽ ከተመታ ነጻ ዙሩን እርሺው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም ነገር መምታታት ካለ ወደ ብስክሌት አትመለሺም፣ ሐኪም ያይሻል። ሄልሜቱም አንዴ ከተመታ ስንጥቅ ባይታይበትም ይቀየራል። ስለዚህ ጉዳይ አልደራደርም።


ጀማሪዋ

በጣም ነው የማመሰግናችሁ። ያልጠበቅኩትን ያህል ነው የመለሳችሁልኝ። ሣር ሜዳውን ነገ ለቡድኑ አቀርባለሁ፣ ውጩን ረድፍ ይዤ አሥራ አምስተኛ አካባቢ የሚለውም ተመችቶኛል።

ስፕሪንተራችንን ስለመጎተት ግን ማንም አልመለሰልኝም። ደግሞ አሁን ሌላ ነገር ሰማሁ። አንዱ የቡድናችን ልጅ ተነጥሎ ለመውጣት ይሞክራል ተብሏል። እሱ ፊት ሆኖ ሌሎቹ "ጎትቺ እንጂ!" ብለው ቢጮሁብኝ ምን ላድርግ?


የመጨረሻ ዙር

የመጎተቱ ነገር የኔ ሥራ ነው፣ ለቡድኔ የምሠራው እሱን ነው፣ ስለዚህ ልመልስልሽ። ስፕሪንተርን በትክክለኛው ቦታ ማድረስ የሚሰጠውን ደስታ ሳትሞክሪው አታውቂውም።

መጀመሪያ መሪያችሁን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ሁለት ዙር ማለት 2.4 ኪሎ ሜትር ነው። በ42 ብትሄጂ እንኳን ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ብቻሽን ንፋስ ላይ ነሽ። ያንን ያህል የምትቆዪበት ፍጥነት ሌሎቹ በጎን እንዳይመጡ ለማድረግ አይበቃም። ከኋላሽ እረፍት አድርገው መጨረሻው ላይ በሁለቱም ጎን ይጎርፉባችኋል፣ ስፕሪንተራችሁ መሃል ላይ ትታፈናለች። ስለዚህ ሥራውን ተካፈሉት። ሌላ ሰው ደወሉ እስኪደወልና ከዚያም የመጨረሻው ዙር እስከ ግማሹ ድረስ ይጎትት፣ አንቺ ሁለተኛ ሁኚ፣ እሷ ሦስተኛ። የመጨረሻው 600 ሜትር የአንቺ ነው። ያ 50 ሰከንድ እንኳን አይሞላም፣ ለ50 ሰከንድ ሁሉንም ማውጣት ትችያለሽ።

ሁለተኛ፣ የናንተ መንገድ ላይ ውድድሩ የሚያልቀው መስመሩ ላይ አይደለም፣ የመጨረሻው ኩርባ ላይ ነው። ከኩርባው በኋላ 150 ሜትር ብቻ ነው የቀረው። አምስተኛ ሆኖ ከኩርባው የወጣ ሰው የፈለገ ፈጣን ቢሆን ቦታ አይበቃውም። ስለዚህ ኩርባው ላይ አንቺ አንደኛ እሷ ሁለተኛ ሆናችሁ መግባት አለባችሁ። ስትገቢ ሙሉ መንገዱ የአንቺ ነው፣ ፊትሽ ማንም የለም፣ ያኔ ነው ፈጣኑን መስመር የምትይዢው። ከኩርባው በፊት ያለው ቀጥታ መንገድ ላይ ደግሞ አንዱን ጠርዝ ይዘሽ ሂጂ፣ በሁለት በኩል ከሚመጡባችሁ በአንድ በኩል ብቻ ይምጡ።

ፍጥነቱን በድንገት አትጨምሪው። አዲስ ሰው ሁሌም የሚሠራው ይሄን ነው፣ ፊት እንደደረሰ በደስታ ይፈነጠርና የሚጎትታትን ልጅ ጥሏት ይሄዳል። ስትረከቢ በነበረው ፍጥነት ያዢው፣ ከዚያ በየጥቂት ሜትሩ ትንሽ ትንሽ ጨምሪ። የምትነግርሽን ቃል ከእሷ ጋር ተስማሙ፣ አጭር ይሁን። "ሂጂ" ካለችሽ ጨምሪ፣ "ያዢ" ካለችሽ ክፍተት ተፈጥሯል ማለት ነውና አትጨምሪ። ዞረሽ አትዪ፣ በድምፅ ብቻ።

ከኩርባው ስትወጪ እሷ በጎንሽ ታልፋለች። በየትኛው ጎን እንደምታልፍ አስቀድማችሁ ወስኑ፣ እና ያንን ጎን ክፍት አድርጊላት። ሥራሽ አለቀ፣ ግን ፔዳል መምታት በድንገት አታቁሚ፣ ፍሬን አትያዢ፣ ወደ ጎን አትውጪ። ከኋላሽ ያሉት በሙሉ ኃይላቸው እየመጡ ነው። መስመርሽን ቀጥ አድርገሽ ይዘሽ ቀስ በቀስ እየቀነስሽ ሂጂ፣ እነሱ ዞረውሽ ያልፋሉ። ማብቂያውን ካለፍሽ በኋላም እጅሽ መሪው ላይ ይቆይ።

አሁን ስለ ተነጠለው ልጅ። የቡድንሽ ሰው ፊት ካለ ግሩፑን የማምጣት ግዴታ የለብሽም። ይጮሁብሻል፣ ይጩሁ። እንዲያውም ያኔ በጣም ጠቃሚ ሰው ነሽ። ፊት ሁኚ፣ ሁለተኛ ወይ ሦስተኛ፣ እና ሊያሳድድ የሚወጣውን ሰው ጀርባ ወዲያው ያዢው። ተራሽ ሲደርስ አትጎትቺ። እሱ አንቺን ይዞ ወደ ፊት መድረስ እንደማይጠቅመው ሲገባው ይተወዋል፣ እሱ ሲተው ሁሉም እርስ በርስ ይተያያል፣ በዚያች ጊዜ ውስጥ ልጃችሁ አምስት ሰከንድ ያገኛል። ኩርባ ላይ ሆን ብሎ ፍሬን እየያዙ ክፍተት መፍጠር ግን ነውር ነው፣ አደገኛም ነው፣ እሱን የሚሠራ ሰው እኔ ያለሁበት ቡድን ውስጥ ቦታ የለውም። ማዘግየት የሚቻለው ባለመጎተት ብቻ ነው።

ልጁ መቼ መውጣት እንዳለበትም ንገሪው፣ ፕሪም ካለቀ በኋላ። ለሽልማቱ የተፋለሙት እያለከለኩ ነው፣ ግሩፑ ትንፋሽ ይወስዳል፣ ማንም ወዲያው ማሳደድ አይፈልግም።

ሰሌዳው ላይ 3 ዙር ሲወጣ ቀና ብለሽ እዪ። ልጁ ርቆ ከሆነ እንዳለሽ ቀጥዪ። ጀርባው ቀጥታው መንገድ ላይ እየታየሽ ከሆነ ሊያዝ ነው፣ እሱን ተይውና ስፕሪንተሯን ፈልጊያት፣ ፊቷ ግቢና በድምፅሽ እንዳለሽ አሳውቂያት።


ጀማሪዋ

የሁለቱን ዙር ነገር ለመሪያችን አሳየሁት፣ ተስማምቷል። እኔ የመጨረሻውን 600 ሜትር ብቻ ነው የምሠራው። "ሂጂ"ና "ያዢ"ን ከነገ ጀምሮ ከእሷ ጋር እንለማመዳለን፣ በግራዬ በኩል ነው የምታልፈው።